ለቅሬው ፒካፕ የመረጥኩት ተርቦ

ተርቦ የታሰረለት የናፍጣ ሞተር ነዳጁን ረገጥ ሲያደርጉት የሚያወጣት ቀጭን ፉጨት አለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ፒካፑን ይዞ ወልድያ ወዳለው ጋራዤ መጣ። ተሳቢ እየጎተተ ከቆቦ ማሽላ ያመላልሳል። «እቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ ተርቦ እሰሪልኝ፤ ዳገት ላይ እያዋረደችኝ ነው» አለኝ። ጋቢና ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁና ነዳጁን ረገጥኩት። ፉጨቷን ስሰማ እጄ መሪው ላይ ቀረ። ልጁ ከባድ ብልሽት ያገኘሁ መስሎት ደነገጠ። ምን ብዬ ልንገረው? አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።

አባቴ የቅሬ ሾፌር ነበር። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው። የእኛ ቅሬ ከላሊበላ ዳርቻ ተነስቶ በገነተ ማርያም አቅጣጫ ሽቅብ ያሉትን መንደሮች ያቅፋል። ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን የምታደርስ አንዲት ያረጀች የናፍጣ ፒካፕ ከነተሳቢዋ ነበረችው። ፒካፗ ድሮ ነጭ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን የመንገዱን አቧራ መልክ ይዛለች። ጋቢናዋ ናፍጣ፣ እርጥብ ሸራና የአባቴን ጋቢ ይሸታል። ተሳቢዋን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ ውሃ ትጠጣለች። አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። አንድ ቀንም ሲሰድባት ሰምቼ አላውቅም። እናቴ «እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?» ትለው ነበር።

አንድ ክረምት ግን ይኸው ትዕግሥቱ ጉድ አደረገው። የደብሩ ትልቅ ካህን አርፈው፣ ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ድንኳን የለም። ፒካፗ ዳገቱ ላይ ቆማ ውሃ ትጠጣለች። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደና ለቀስተኛው በየአጥሩ ሥር ተሸጎጠ። አባቴ ሲደርስ ደረቅ ሰው አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እየጨመቁ «ግድ የለም፣ ሾፌራችን ለተዝካሩ ይደርሳል» አሉ። ሰው ሳቀ፤ ለቅሶ ላይ! አባቴም አብሮ ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እህል አልቀመሰም።

እኔ ያኔ ወልድያ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት አውቶ መካኒክ እማር ነበር፤ ለእረፍት ነው የመጣሁት። ሁለት ዓመት ተምሬ የሁሉን መኪና በሽታ ከሩቅ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቅሬው ተሰብስቦ ፒካፗ ትጠናከር ተባለ። አቅሙ የሚፈቅደው ግን አንድ ሥራ ብቻ ነበር፣ ጭቅጭቁም ከዚያ መጣ። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ፣ ጠብ የማትፈራ ሴት፣ ቀድማ ተነሳች። «ባሌስትራው ይጠንክር! በየጉድጓዱ እየነጠረች ድስቶቼን ጨረሰቻቸው እኮ!» መሪጌታው ደግሞ ከሁሉ በፊት ጠበል ትረጭ አሉ። ያንን የተቃወመ አልነበረም።

እኔ ተነስቼ ስለ ተርቦ አስረዳሁ። የምለማመድበት ጋራዥ ውስጥ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ደህና ተርቦ አለ፤ ከሰፊ ራዲያተር ጋር ብናስርላት ተሳቢዋን ይዛ ሳትቆም ትወጣለች አልኩ።

«ተርቦ ምንድን ነው?» አሉ መሪጌታው።

«የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ እሱ ደግሞ ለሞተሩ አየር ያጎርሰዋል። ሜዳ ላይ ሊባክን የነበረውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል።»

«እንዲህ ያለስ ለእኛም ቢታሰርልን» አሉ መሪጌታው።

ሳቁ ሲበርድ የቅሬው ዳኛ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ ከኋላ ቆሞ ነበር። «እኔን ከጠየቃችሁኝ ለተሳቢዋ ፍሬን ይሠራላት» አለ። «ዳገት ያዘገያል እንጂ አይገድልም። የምፈራው ቁልቁለቱን ነው።»

«አንተ ሾፌራችን ነህ፣ ልጅህ ደግሞ ተምራለች። የማንን እንስማ?» አሉ ዳኛው።

አባቴ አየኝ። «የልጄን» አለ።

ትክክል እሱ ነበር። ከጉልበት በፊት ፍሬን መቅደሙን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ጆሮዬ ላይ ግን ያ «ለተዝካሩ ይደርሳል» ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ሁለተኛ በአባቴ ላይ እንዲሳቅ አልፈለግሁም። «ተርቦው» አልኩ። እልል ተባለ።

ወልድያ ወርደን ከጋራዡ መካኒክ ጋር አንድ ሳምንት ሠራን። አባቴ ከአጠገባችን አልተለየም። የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ይጠይቀኛል፣ ስነግረው በአፉ ይደጋግመዋል። መካኒኩ «አባባ፣ ሊፈተኑ ነው እንዴ?» እያለ ይቀልድበታል። እጃችን አንድ ዓይነት ዘይት ለብሶ ከአንድ ሳህን ስንበላ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ፍሬኑን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

መስከረም ላይ ለቅሶ መጣ። ደሴ ሥራ ላይ የነበረ የመንደራችን ልጅ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ አረፈ። እናቱ ባሏ የሞተባት ናት፤ ቤቷ ከመንገዱ መጨረሻ፣ ከዳገቱ አናት ላይ ነው። ወሬው የደረሰው ለቅሬው ዳኛ ነበር። በአገራችን መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው። ሽማግሌዎቹ ካህን ይዘው በእግር፣ በአቋራጩ ወጥተው ሊያረዷት፣ አባቴ ደግሞ ድንኳኑን ይዞ ሊከተል ተነጋገሩ። ዳኛው «አንተ እንደ ወትሮው ሲነጋ ተነሳ» አሉት።

ስህተቱ ያቺ «እንደ ወትሮው» ናት። በዚያ ሁሉ ዓመት መርዶ ነጋሪው ድንኳኑን የሚቀድመው ፒካፗ ደካማ ስለነበረች ብቻ ነው። ቆይ፣ ጠብቅ ብሎት የሚያውቅ ሰው የለም፤ አስፈልጎም አያውቅም። ይህን ያስታወሰ ከመካከላችን አልተገኘም፤ የተማርኩት እኔም ጭምር።

የሞተሩን ሙቀት ልከታተል ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ገብሱ ጤዛ ይዟል፣ የመንገዱ ዳር በአደይ ቢጫ ሆኗል። ዳገቱን ስንጀምር ያቺ ፉጨት መጣች። በአንደኛ ማርሽ ስናቃስትበት የነበረውን መንገድ በሦስተኛ ወጣነው። አባቴ ሁልጊዜ ውሃ የሚጨምርበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ እግሩ በልማድ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። «ምነዋ? አልሞቀችም እኮ» አልኩት። እንደገና ረገጠውና አለፍነው። «አለፍነው እኮ!» ብሎ መሪውን በመዳፉ መታ። «ወይ ልጄ! ሰማሻት? ትዘፍናለች!» እየሳቀ አየኝ። ጥርሱ ሁሉ ታየ። እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ከጉብታው ማዶ በአቋራጩ እየወጡ ነበር፤ አላየናቸውም።

ሴትዮዋ በረት እየጠረገች ሳለች ደረስን። ቀና ብላ አየችን፤ እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። «ኧረ በላሊበላ! ማን አረፈብን?» አለች። «ቆዩኝማ፣ ነጠላዬን ልልበስና አብሬያችሁ ልሂድ።» ይዘናት ልንሄድ የቆምን መስሏት ሮጣ ገባች። አባቴ ያን ጊዜ ገባው። ሞተሩን አጠፋው፤ እጁ ግን ቁልፉን አልለቀቀም። ነጠላዋን ለለቅሶ ዘቅዝቃ ወጣች። «የማን ቤት ነው?» አለችን። አባቴ ወርዶ ቆቡን አወለቀ። እሷ እሱን አየች፣ ተሳቢዋን አየች፣ ከዚያ ከቤቷ ወዲያ ዞራ አየች። ከቤቷ ወዲያ መንገድ የለም።

«ከእኔ ወዲያ ቤት የለም እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ጮኸች።

ሽማግሌዎቹና ካህኑ እያለከለኩ ሲደርሱ እሷ መሬት ላይ ነበረች። አባቴ አጠገቧ ተንበርክኮ ነበር።

ቅሬው ተርቦው ይፈታ አለ፤ አባቴ «መኪናዋ ምን አጠፋች?» ብሎ ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ሲኖር ከመንደሩ በታች ያቆማትና ከላይ ሰው ጠርቶት ሲመጣ ብቻ ይወጣል። በዓመቱም ለተሳቢዋ ፍሬን ተሠራላት።

ከዚያ በፊት፣ በአርባው ቀን፣ ተዝካሩ ላይ፣ አባቴ እንደ አገሩ ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሟቹ እናት እግር ላይ ወደቀ። ድንጋዩን በገዛ እጇ አነሳችለት። «ተነሳ፣ አያ» አለችው። «እነሱ ቢቀድሙህ ልጄ ይነሳልኝ ነበር?» አስገብታ አበላችን።

ቁልቁለቱን በዝግታ ስንወርድ እኔ አለቀስኩ። «ፍሬኑን ብዬ ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኩት። አባቴ ማርሽ ቀነሰ።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አለ። «ለመዘግየቴ ይቅርታ ጠይቄ አውቃለሁ፣ ለመቅደሜም ዛሬ ጠየቅሁ። ያልነገርኳት ግን አለ። ያን ዕለት ዳገቱን ስወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጇ ሞቶባት፣ እኔ እየሳቅሁ ነው የወጣሁት። ይህን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ሳይነግራት ሁለቱም አለፉ። የጎረምሳውን ፒካፕ ሞተር አጥፍቼ ጋቢናው ውስጥ ስቀመጥ ይህ ሁሉ ነበር የመጣብኝ። እውነቱን ልናገር? ከዚያ ጠዋት ትዝታ ሁሉ ቀድሞ መታወስ ያለበት የእናቲቱ ጩኸት ነው። እኔ ግን ያቺን ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ የአባቴ ሳቅ ነው። እንዲያ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ጠዋት ባይኖር ብዬ ተመኝቼ አላውቅም።