ጋሼ ያቋረጡት ኮንሰርት

የጋሼ ኩላሊት መድከሙን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የሞባይል መጠገኛ ሱቄ ቁጭ ብዬ የአንድ ደንበኛ ስልክ ፈትቼ ነበር፤ ከመርሳ ደወሉልኝ። «ሐኪሞቹ በሳምንት ሁለቴ ደሴ እየሄደ ኩላሊቱን ይታጠብ ብለውናል። እሱ ለማንም አትንገሪ ብሎኛል። ወላሂ፣ እኔ ግን ብቻዬን አልቻልሁትም» አሉኝ።

ጋሼ የመርሳ ሰው ናቸው፤ ሳክስፎን ተጫዋች። እኔን ቤዝ ጊታር፣ ጓደኛዬን ደግሞ ዘፈን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በወጣትነታችን በየሠርጉና በየሆቴሉ የምንሠራበትን ባንድም የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ሰው ሁሉ ልብሱንና ስንቁን ሸክፎ ሲወጣ፣ ጋሼ ሳክስፎናቸውን በጋቢ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው የወጡት። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ይህን ባነሡ ቁጥር ይስቃሉ፦ «እኔን ግን ዞሮም አላየኝ!»

ጓደኛዬ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሮክ ዘፋኝ ነው። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ ሲዘፍን የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ጋሼ ይህ አዘፋፈን ገና ሲጀምረው አልተዋጠላቸውም። ልምምድ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሳክስፎናቸውን ከአፋቸው አውርደው «አንተ ልጅ፣ ማን መታህ?» ይሉት ነበር። ባንዱን ትቶ ሲሄድ ደግሞ ተቀየሙት፤ ለዓመታት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ስለዚህ ደውዬ ስነግረው ምን እንደሚለኝ አላወቅሁም ነበር።  እሱ ግን «ቅዳሜ እመጣለሁ። ለማሳከሚያ ኮንሰርት እናዘጋጅላቸዋለን» አለ።

ቅዳሜ ከወልድያ በሚኒባስ አብረን መርሳ ወረድን። ጋሼ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል፣ እግራቸው ግን አብጧል። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸውም እጃቸውን ፀጉሩ ላይ አሳርፈው «ይሄ ነገር ሙቀት አይሆንብህም?» አሉት ብቻ። ዕርቁ ይኸው ነበር።

የኮንሰርቱን ነገር ስናነሣ ግን ተቆጡ። «ሳልሞት ለቅሶ ልትቀመጡ ነው? ፎቶዬን በየግድግዳው ለጥፋችሁ ሰው እንዲያዝንልኝ?»

ባለቤታቸው ከቤት ውስጥ ሰሙ። «በስንቱ ሠርግ በነፃ ስትነፋ ኖረሃል! ዛሬ እነሱ አንድ ቀን ቢመጡልህ ምን አለበት?» አሉ።

ጋሼ በመጨረሻ «እሺ። ግን ይሄ ልጅ አምባሰል ይዘፍናል። ያለ ጩኸት» አሉ።

«ጋሼ፣ አምባሰል እኮ እንደማይሆንልኝ ያውቃሉ።»

«ወሎ ተወልደህ? እንግዲያው እኔም አልመጣ።»

ጓደኛዬ እኔን አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። «እሺ» አለ።

ጓደኛዬ ወልድያ ቆይቶ፣ ከባንዱ የድሮ ልጆች ጋር ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ውስጥ ተለማመድን። ስልክ ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳይወድ ሰሚ ሆነ። ፖስተሩን በባጃጅ እየዞርን ለጠፍን፤ ፎቷቸውን ግን አላወጣንም፤ ሳክስፎን ብቻ አሣልንበት።

ኮንሰርቱ የተደረገው መርሳ፣ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ዘንቢሉን እንደያዘ መግቢያውን ከፍሎ ገባ። ጋሼ በሠርጋቸው የነፉላቸው የድሮ ሙሽሮች ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ። የመጀመሪያውን የሮክ ዘፈን ስንጀምር የፊት ረድፍ ላይ የነበሩ እናቶች ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ጠጋ ብለው «ልጁ ደኅና ነው?» ሲሉ መድረክ ላይ ሆኜ ሰማሁ። በሦስተኛው ዘፈን ግን ከኋላ ያሉት መዝለል ጀምረው ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ ወንበር ስቦ ተቀመጠና አምባሰሉን ጀመረ።  ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«ቁም!»

ጋሼ ናቸው፤ ከፊት ወንበር፣ ያለ ማይክ። «ያቺን ድምፅ ከፍ አደረግሃት። ዝቅ ብላ ነው የምትነካው። እንደገና!»

ሕዝቡ በሳቅ ፍርስ አለ። ጓደኛዬም ሳቀና እንደገና ጀመረ። እንደገና «ቁም!» ተባለ። በዚህ ጊዜ ጋሼ ባለቤታቸውን ተደግፈው ተነሡና ራሳቸው አዜሙለት። ትንፋሻቸው አጭር ነው፤ በየመሐሉ ይቆርጣሉ። ግን ያቺ ድምፅ ልክ ቦታዋ ላይ ስታርፍ እጄን ከቤዙ ላይ አነሣሁ። ሱቄ ውስጥ ሁለት ሳምንት ስንፈልጋት የነበረችው እሷ ናት። ጓደኛዬ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ፣ ከዚያ እሳቸው ካቆሙበት ተቀበለ። በዚያች ድምፅ ላይ ሲያልፍ ማንም አላስቆመውም።

ሲጨርስ ጋሼ ዐይናቸውን እየጠረጉ «አሁን ነው የዘፈንኸው» አሉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «በል፣ አሁን የራስህን አምጣ። ያንን የምትጮኸውን!» አሉ።

እናቶቹ እልል አሉ። እንዲያ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ጋሼ በከዘራቸው መሬቱን እየመቱ ምት ይይዙለት ነበር፤ እንደ ድሮው ከሁላችንም ትንሽ ይቀድማሉ።

በዚያ ቀን የተገኘው ገንዘብ የብዙ ወር ሕክምና ሸፈነ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ጋሼ በሠርጉ የነፉለት፣ ጋቢና እያስቀመጠ በነፃ ደሴ ያመላልሳቸዋል። ሕመሙ አልዳነም፤ እንደማይድንም ሐኪሞቹ ነግረውናል። ግን የእግራቸው እብጠት ጎድሏል፣ ቁጣቸው ተመልሷል።

ሱቄን በምዘጋበት ቀን እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ውርጌሳ ስንደርስ ሻጮች ብርቱካኑን እስከ መስኮቱ ያቀርባሉ። ጋሼ ለኩላሊታቸው አይስማማም ተብለው እንዳይበሉ ተከልክለዋል። ቢሆንም መስኮቱን አውርደው አንድ በአንድ እየጨበጡ ይመርጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያልበሰለውን ይመልሳሉ። «ለነርሶቹ ነው» ይሉኛል ፌስታሉን ጭናቸው ላይ እያስቀመጡ፤ ከዚያ እስከ ደሴ ድረስ እጃቸውን እያሸተቱ ይሄዳሉ።