ጎማ የሚዳብሰው ሰው

እጆቹ ሥራ አይፈቱም። ጎማውን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል፤ ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ ሲደርስ ግን ጨርቁን ያፈጥነዋል። የሚሸጠው አንድ ማርካ ብቻ ነው፤ ለተጎታች፣ ለሣር ማጨጃና ጭቃ ለሚረግጥ መኪና የሚሆን። የትኛው ለየትኛው እንደሆነ የጎማውን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳብሶ ይለያል።

"ይሄ ሸክም የለመደ ነው" ይላል። "ሣር ላይ ብትለቀው እንደ አማት ይጫነዋል።"

ዛሬ አንድ ደንበኛ፣ "አባባ፣ ጎኑ ላይ ምን ይላል? እስቲ ያንብቡልኝ" አለው።

"እጄ ቅባት ነው፤ አንተው እየው።"

"በእጅዎ ነው እንዴ የሚያነቡት?" ብሎ ደንበኛው ሳቀ።

እሱም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ፍም መሰለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ደንበኛው እስኪሄድ ድረስ ቀና አላለም።

ከጎማው ክምር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ፣ የማርካው የመጀመሪያ ፊደል በጠመኔ ተጽፏል፤ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ ፊደል ነው። ሰው ሲመጣ በጫማው ያጠፋዋል፤ ሰው ሲሄድ እንደገና ይጽፈዋል።

እሱ ዘንድ ከሄዳችሁ፣ ልጆቼ፣ አደራ፣ አንብብልን አትበሉት። ለራሳችሁ እንደምታነቡ ሆናችሁ፣ ጣታችሁን በፊደሉ ላይ እያስኬዳችሁ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።