በቦትል ብራሹ ሥር የደፋሁት ረመጥ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ጎፋ ከአጥራችን ወዲያ አባባ ወርዶፋ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አትክልተኛ ይኖሩ ነበር። ደጃቸው ላይ ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት የተከሉት ቦትል ብራሽ ነበር፤ ክረምት ከበጋ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ አበባው ቀይ የጠርሙስ መጥረጊያ የሚመስል ዛፍ ነው። የእሳቸው ገና አብቦ አያውቅም። እምቡጥ የያዘው ያን ዓመት ነበርና አባባ ወርዶፋ ጠዋት ጠዋት ሳያዩት አይውሉም።

ያኔ አመሻሽ ላይ ዛፉን ውሃ አጠጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ምድጃቸው አጠገብ በኩራዝ ብርሃን ተረት ይነግሩኛል። አንድ ቀን «ምስጥ እንዳይበላብኝ ሥሩ ላይ አመድ አድርግበት» አሉኝ። ወደ ተረቱ ቸኩዬ ስለነበር ምድጃው ውስጥ ያገኘሁትን እንዳለ ዝቄ ግንዱ ሥር ደፋሁት። ከላይ ነጭ አመድ ነው፤ ከሥሩ ረመጥ እንደነበረ ያወቅሁት ቅርፊቱ መጨስ ሲጀምር ነው። ውሃ አፈሰስኩበት፣ አፈር መለስኩበት፤ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። በሳምንቱ የአንድ ወገኑ ቅጠል ደረቀ።

አባባ ወርዶፋ «ምስጡ ገባብኝ» ብለው ተከዙ። የዚያን ምሽት የነገሩኝ ተረት የጎረቤቱን በሬ ሰርቆ ጓዳው ስለደበቀ ሰው ነበር። በሬው እምቧ ሲል ሰውየው ሊፈልግ ለመጣው ጎረቤቱ «እኔ ነኝ ያገሳሁት» ይላል። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ አባባ! ረመጥ ደፋሁበት!»

«በሬው ላይ?»

«ዛፉ ላይ! ለእኔ ብለው አይደል የሚያወሩት?»

«ኧረ እኔ ስለ በሬ ነው የማወራው!»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋ። ኩራዙን ይዘው ወጡና ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። በአንድ ወገን ደርቋል፣ በሌላው ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ግማሹ አለ» አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ምድጃው መለሱኝ፤ «አመድ መጀመሪያ በእጅ ጀርባ ይዳበሳል የኔ ልጅ፤ ዓይን ረመጡን አያይም።»

በማግስቱ የደረቀውን ቆርጠው ጣሉ፤ የውሃ ማጠጫ ጣሳውን ለእኔው ሰጥተው «ማታ አጠጣው» አሉኝና ለጉዳያቸው ወደ መካኒሳ ሄዱ። ደግሞ ያጠፋ ይሆን ብለው ዞር እንኳ አላሉም።

ዛፉ በግማሽ ጎኑ አበበ።

ዛሬ ሸምግያለሁ፤ ሁሉን ነገር መጀመሪያ በእጄ ጀርባ ስለምዳብስ ቤተሰቤ ፈሪ ነህ ይለኛል፣ እውነትም ነው። ያን ጠዋት ግን ጣሳውን ባይሰጡኝ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ ሕይወት ያለውን ነገር ለመንካት የምደፍር አይመስለኝም።