የእህቴ ሽንፈት

በታላቅ እህቴ እቀናለሁ። እሷ ከአምስተኛ ክፍል ያልዘለለች ገበሬ ናት፤ እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፣ ስለ ነፃነት ማውራት ከጀመርኩ የሚያቆመኝ ደወሉ ብቻ ነው። ቅናቱ የለየለት ጓሳ ይከፈት አይከፈት ተብሎ አገር የተሰበሰበ ዕለት ነው።

ቤት የሚከደንበት የጓሳ ሣር የጋራ ነው። ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ማጭድ የሚገባበት ባለመብቶቹ መክረው ሲስማሙ ነው። የእህቴ ቤት ክዳን አርጅቶ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስባት ከርሟል። ዘንድሮ ካልተከፈተ የሚመጣውንም ክረምት ከየጥጉ ድስት እየደቀነች ልታሳልፈው ነው። ላግዛት ብዬ ሄድኩና ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ ሲቀመጥ እጄን አወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ግን ከተማ የገባ ሰው በጓሳ ነገር ድምፅ እንደሌለው ነግረው በደግ ቃል አስቀመጡኝ። ዲግሪዬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ይከፈት አለች፤ ብዙው ሰው ደገፋት። ቀናሁባት።

ቀጥሎ በድንበር የተጣላት ጎረቤቷ ተነሣ። ሣሩ ገና አልደረሰም፣ አሁን ከታጨደ ይጎዳል ማለት ሲጀምር ደጋፊዎቿ በጩኸት ሊያስቀምጡት ሞከሩ። እኔ ደስ አለኝ። እሷ ግን እንደገና ቆመች።

«ይናገር እንጂ። ዛሬ እሱን ዝም ካሰኛችሁት ነገ እኔን ነው» አለች።

ተናገረ። ሰዉ ሰማው፣ ተከራከረ፣ በመጨረሻ ወደ እሱ አጋደለ። ጓሳው ሳይከፈት ቀረ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሷ ፈንታ እኔ ተናድጄ ነበር።

«እትዬ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ እኮ ሣሩን አግኝተሽ ነበር።»

«ተሸነፍኩ እንጂ ምን ሆንኩ?» አለችኝና በሚቀጥለው ስብሰባ ጎረቤቷን በምን እንደምትረታው ታወራልኝ ጀመር። ጣሪያዋን ረስታዋለች። እንደዚያ ስትሞቅ ሳያት ቅናቴ ባሰ።

ሰኞ እኛም ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረን። አለቃችን ውሳኔውን አነበበና «ተቃውሞ ያለው?» አለ። ግራ ቀኝ ተያየን፤ ከዚያ ሁላችንም አጨበጨብን። ከተቀጠርኩ ጀምሮ ሁሉ ነገር የሚጸድቀው በሙሉ ድምፅ ነው። እኔ አንድም ቀን ተሸንፌ አላውቅም።