በአል ሻጢእ የተነጠፈው ሁለተኛ ምንጣፍ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ስልኳን እንደያዘች ቢሮዬ መጣች። አንድ ዩኒቨርሲቲ በማኅበራዊ ሥነ ልቦናና በኅብረተሰብ መከፋፈል ላይ ጉባኤ ሊያካሂድ ነው፤ ጥናት ያላችሁ ላኩ የሚል ጥሪ ነበር። “መምህር፣ እኔ ብልክ ይቀበሉኝ ይሆን?” አለችኝ። “ላኪ” አልኳት። እሷ ከወጣች በኋላ ብዙ ሰዓት ሥራ አልሠራሁም። ደሴ ላይ ዝናብ እየጣለ ነበር። ለእኔ ግን የታየኝ የኾባር ነሐሴ ነው፤ ከቀዝቃዛ መኪና ሲወጡ መነጽርን ጉም የሚያለብሰው፣ ሸሚዝን ከጀርባ ጋር የሚያጣብቀው ወበቅ።

ያኔ ሠላሳ አልሞላኝም። ሁለተኛ ዲግሪዬን በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ይዤ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ትንሽ አስተምሬ ነበር። አባቴ ሲያርፍ የታናናሾቼ ነገር በእኔ ላይ ወደቀ፤ የመምህር ደሞዝም የሚያዛልቅ አልሆነም። የአጎቴ ልጅ የቤት ሹፌር ቪዛ አግኝቶልኝ በፈረንጆቹ 2015 ዓረብ አገር፣ ኾባር ገባሁ። ቤቱ አል ዑለያ ነበር፤ የእኔ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ፣ አንድ አልጋና አንድ የሚጮህ የአየር ማቀዝቀዣ ያለባት ጠባብ ቤት። ካፊሌ፣ ቪዛዬን ያወጣው አሠሪዬ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱ ማዳምም እንደዚሁ። ስለ ትምህርቴ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

የቤት ሹፌር ሥራ ሲያስቡት መንዳት ይመስላል። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ የገበያ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ የማዳም እህት ቤት አጥር ሥር፣ ሞተሩን እያጠፋሁና መልሼ እያስነሳሁ እጠብቃለሁ። ከየመንገዱ ዳር ከረክ ሻይ በወረቀት ኩባያ እገዛለሁ፤ ወተቱና ሄሉ አፍ ላይ ይቆያል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አፌን የምከፍተው ለማዳም “ሃድር” ብዬ እሺታዬን ለመግለጽ፣ ልጆቹን “ያላ” ብዬ ለማቻኮል ብቻ ነበር። ብቸኝነት እንደ ሕመም አንድ ቦታ ላይ አይቆምም፤ ሲብስብኝ በአማርኛ ጮክ ብዬ የመንገድ ምልክቶችን አነብ ነበር።

አርብ ግን ሌላ ነው። ከጁሙዓ በኋላ ቤተሰቡ ወደ ሽማግሌው አባት ቤት ስለሚሄድ እስከ ማታ ነጻ ነኝ። ያኔ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ደማም፣ ወደ አል ሻጢእ ሰፈር እሄዳለሁ። ባሕሩ ዳር ሣሩ ላይ የአገር ልጆች አንድ ትልቅ ምንጣፍ አንጥፈው ይቀመጡ ነበር። ቀኑ ጾም ስለሆነ ክርስቲያኖቹ ሴቶች ምስርና ሽሮ ይዘው ይመጣሉ፤ የእኛዎቹ ሙስሊሞቹ ከብሳ፣ ሩዝ በሥጋ፣ በትልቅ ሳህን ያቀርባሉ፤ ተሚስ ዳቦ ከአፍጋኖቹ ምድጃ ትኩሱን ይገዛል። ምስሩ በአንድ በኩል፣ ሥጋው በሌላ በኩል ይቀመጣል፤ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ይበላል። በመካከል ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሄ አለ። ደማም ውስጥ አሥር ዓመት የኖረ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እኔን የመጀመሪያ ቀን ሲያየኝ “የማን ልጅ ነህ?” ብሎ አባቴን ያወቀ፣ የዒድ ቀን ያለ እኔ የማይበላ። ለእኔ እንደ ታላቅ ወንድም ነበር።

በ2017 አካባቢ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ከፋ። አንድ አርብ አንድ ልጅ በስልኩ የአንድ ፖለቲከኛ ንግግር ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተ። ሌላው “ዝጋው” አለ። ቃል ቃልን አመጣ፣ የብሔር ስም ተጠራ፣ ምግቡ ሳያልቅ ተነሳን። የማንንም ብሔር ስም እዚህ መጥራት አልፈልግም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም ባያውቅ አይጎዳም። በሳምንቱ ስደርስ ምንጣፉ ሁለት ሆኗል። አንዱ የተለመደው ቦታ ላይ፣ ሌላው ራቅ ብሎ ከተምር ዛፎቹ ሥር። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ በመካከል ቆሜ ቀረሁ።

ያን ሰሞን ነው አብራኝ የተማረችው ሰናይት በኢሞ የጻፈችልኝ። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምር ነበር። የጉባኤ ጥሪ ላከችልኝና፣ “ጀማል፣ ርዕሱ ያንተ ነው፤ እዚያ የምታየውን ጻፈው” አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለመጠበቂያ ሰዓቴ የሚሆን ሥራ አገኘሁ። ከሁለቱም ምንጣፍ የሚያምኑኝን ሰዎች እያናገርኩ በመኪናው ወንበር ላይ እጽፍ ጀመር። የምጠይቀው ቀላል ነበር፤ አብራችሁ መቀመጥ ያቆማችሁት እንዴት ነው? መልሱም ቀላል ነበር። የወዲህኞቹ “እነሱ ቀድመው ተነሱ” ይላሉ። የወዲያኞቹም “እነሱ ናቸው ቀድመው የገፉን” ይላሉ። ሁለቱም ያንኑ አርብ ይጠቅሳሉ፣ ሁለቱም እያዘኑ ነው የሚናገሩት።

አጭር መግለጫውን ላክሁ፤ ተቀበሉት፤ ነገር ግን የተናገሩት ሰዎች ሁሉ ፈቃዳቸውን በድምፅ እንዲሰጡ ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም ዛሬ ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። ችግሩ በዚያ መካከል ወሬ ተነስቶ ነበር። ጀማል ስም ይመዘግባል፣ ለኤምባሲ ያቀብላል ተባለ። ከተምር ዛፎቹ ሥር የሚቀመጡት አንድ በአንድ ስልኬን ዘጉብኝ። አንዱ ከዚያ በፊት ሻይ እየጋበዘ ሲያዋራኝ የነበረ ልጅ፣ መንገድ ላይ አየኝና ፊቱን አዞረ።

በተለመደው ምንጣፍ የቀረው ጋሽ ሙሄ ግን ጥያቄዬን ሳልጨርስ ፈቀደልኝ። “የእኛን በደንብ ጻፈው” አለ። ቀጥሎ “የእነሱን ምን ብለው ይሆን? እስቲ አሳየኝ” አለኝ።

“አልችልም ጋሽ ሙሄ። እነሱም ያንተን አላሳየኋቸውም።”

“እኔና እነሱ አንድ ነን እንዴ ላንተ?”

“ለጥናቱ አንድ ናችሁ።”

መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እንግዲያው የኔን አውጣልኝ” አለኝ። አወጣሁት። በሚቀጥለው ዒድ አልተደወለልኝም፤ ክፍሌ ውስጥ ሰሞሊ ዳቦ በፉል በላሁ።

ያኔ ከአንዱ ወገን ጥቂት ድምፅ ነበረኝ፣ ከሌላው ምንም። በአንድ ወገን ቃል ብቻ ብጽፍ እኔም ከምንጣፎቹ በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ ማለት ነው። ሰናይት “ያለህን ላክ፤ ለዶክትሬት መንገድ ይከፍትልሃል” ትለኝ ነበር። ልተወው ወስኜ ሳለ እትዬ ዘነቡ ደወለች። ስሟ ዘነቡ አይደለም፤ እዚህ እንዲህ ልበላት። ከካፊሏ ቤት ጠፍታ ስለወጣች ሁሩብ ተብላ ተመዝግባለች፤ ከተያዘች እስርና ማባረር ነው። በየቤቱ በሰዓት እየሠራች ትኖር ነበር። ከተምር ዛፎቹ ሥር ከሚቀመጡት ሁሉ ወሬው እውነት ቢሆን ይበልጥ የምትጎዳው እሷ ነበረች።

ከአንድ የባቃላ ሱቅ ጀርባ ጠበቀችኝ። ዓባያዋን ሰብስባ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀመጠች፤ በመስተዋቱ ዓይኗን ብቻ አያለሁ።

“ስሜን ትጽፋለህ?”

“አልጽፍም እትዬ።”

“የምሠራበትን ሰፈር?”

“እሱንም።”

በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አየች። “ጀማል፣ ሁለተኛውን ምንጣፍ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ” አለችኝ።

ሞተሩን አጠፋሁት።

“ከሥራ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ስደርስ ምንጣፉ ሞልቷል። ጠጋ በሉልኝ ልል አሰብኩና፣ ባለፈው ሳምንት የተባለው ትዝ አለኝ፤ ጠጋ ባይሉልኝስ ብዬ ፈራሁ። የራሴ ትንሽ ምንጣፍ ነበረችኝ፣ ጥላ ፈልጌ ከዛፉ ሥር ዘረጋኋት። ቆየት ብለው የመጡት የእኛ ልጆች ሲያዩኝ እኔ ጋ ተቀመጡ። በሳምንቱ ሁሉም እዚያ መጡ። ማንንም የጠላሁ አልነበርኩም። እግሬን ነበር ያመመኝ።”

“ለማን ነግረሻል?”

“ማን ጠየቀኝ? አሁን ደግሞ ተባረርን ይላሉ፣ ምን ብዬ ልናገር?” ከዚያ ቀስ ብላ፣ “የኔን ጻፍ፤ የሚጠቅም ከሆነ ጻፍ” አለች። ድምፅዋን ቀዳሁ፤ ፈቃዷን ስትናገር እጇ የወንበሬን ጀርባ ይዞ ነበር።

ጥናቱን አዲስ አድርጌ ጻፍኩት። ጉባኤው የተካሄደው በ2018 መጨረሻ ላይ ነው። ካፊሌን የመውጫና የመመለሻ ፈቃድ ጠየቅኩት፤ “የልጆቹ ፈተና ነው፣ ማፊ፣ አይሆንም” አለኝ፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ሰናይት እኔን ተክታ ልታነብ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ልታሰማኝ ተስማማን። በዚያን ቀን ጠዋት ማዳምን ኾባር አንድ የገበያ አዳራሽ አድርሼ፣ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። የሰናይት ድምፅ እየቀረበና እየራቀ ይመጣ ነበር። የእትዬ ዘነቡን ቃል ቀስ ብላ አነበበችው። መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ሰማሁ። መኪና ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሲጨበጨብልኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ መሪውን ያዝኩ።

ጥያቄ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሰው ድምፁ ወፍራም ነበር፤ የተማረ ሰው አነጋገር። “ጥሩ ጥናት ነው” አለ። “ግን አጥኚው ራሱ ከየትኛው ወገን ነው? እሱን ሳናውቅ እንዴት እናምነዋለን?”

ሰናይት “ስልክ ላይ ስላለ ራሱ ቢመልስ ይሻላል። ጀማል?” አለች።

አዳራሹ እየጠበቀ መሆኑ ይሰማኛል። የጀመርኩት ቃል አለ፤ ምን እንደነበር አሁን አላስታውስም። የኋላው በር ተከፈተና ከረጢቶች ወንበሩ ላይ ወደቁ። “ያላ ጀማል፣ ልጆቹ ይወጣሉ” አለች ማዳም። ስልኩን ዘጋሁና መኪናውን አስነሳሁ። ትምህርት ቤቱ እስክንደርስ ማዳም ስለ ዋጋ ውድነት በስልክ ከእህቷ ጋር ታወራ ነበር። እኔ መልሴን በልቤ ስጀምር፣ ሳልጨርሰው መብራት ይይዘኛል።

በቀጣዩ ዓመት ማዳም ራሷ መንዳት ለመደች፤ እኔም ኹሩጅ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ወጣልኝና ተመለስኩ፤ ወደ ማስተማሩም ገባሁ። የእትዬ ዘነቡ ስልክ እኔ ከመመለሴ በፊት ጠፍቶ ነበር። አገር ገብታ ይሁን ወይ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ የጠየቅኳቸው ሁሉ የተለያየ ነገር ነገሩኝ።

ጋሽ ሙሄም ከጊዜ በኋላ ጠቅልሎ ገባ። ዓይኑ ስለደከመ ስፌቱን ትቷል። ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ሄጄ ጠየቅኩት። ከዓመታት ዝምታ በኋላ እንዴት ይቀበለኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ግንባሬን ሳመኝና ምሳ አስቀረበ። ስለ ልጆቹ፣ ስለ በሽታው፣ ስለ ደማም አዲስ መንገዶች አወራን። ልነሳ ስል፣ “ያ እኔ የሌለሁበት ጽሑፍህ፣ ሰዎች ሰሙልህ?” አለኝ።

“ሰሙልኝ።”

“እስቲ ለኔም አንብብልኝ።”

ከስልኬ አውጥቼ፣ የምሁር ቃሉን ወደ ተራ አማርኛ እያቀለልኩ አነበብኩለት። ስለ ምንጣፉ ከሚናገረው ጋ ስደርስ እጁን አነሳና አስቆመኝ።

“ቦታ ጠቧት ነው?”

“አዎ።”

“እግሯን አሟት?”

“አዎ ጋሽ ሙሄ።”

ማንነቷን አልጠየቀኝም። ጭኑን በእጁ ሁለት ጊዜ መታ አደረገ። “ዳር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ እኮ” አለ። “ስትመጣ አይቻታለሁ። ተቆጥታ የምትሄድ መስሎኝ ነው ነይ ያላልኳት።”

ቀሪውን አላነበብኩለትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ውጭ የጥር ፀሐይ ነበር፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። ወደ ደሴ የሚወጣው መኪና ውስጥ ሆኜ፣ በሁለት የማይተያዩ ዓይኖች መካከል የነበረችውን ያቺን አፍታ አሰብኩ፤ ለእሱ የተቆጣች መስላዋለች፣ እሷ አይጠጉልኝም ብላለች። ስለዚያች አፍታ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ በትምህርታችን ብዙ ስም ያላት ናት። ስሞቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬ ለተማሪዎቹ ስለሆነ፣ ፊቴን ማንም አያየውም።