ለፈረስ ጫማ የሰፉት ጋሼ ዘለቀ

ጋሼ ዘለቀ ወልዴ ባለፈው ሳምንት ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ቅዳሜ ስንቀብራቸው የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። የተሰጠኝ ወረቀት «አሜሪካ ከመጡ በኋላ በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማርተው ኖረዋል» ይላል። ሣር ማጨዳቸው የት ገባ ብዬ የእድራችንን ጸሐፊ ብጠይቀው፣ «በሰው ፊት ሣር አጫጅ ነበሩ ልትዪ ነው እንዴ? ልጆቻቸውን ኤምባረስ ታደርጊያቸዋለሽ!» አለኝ። አንብቤ ወረድኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልዩ ልዩ ሥራ! ጋሼ ዘለቀ አገር ቤት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በተሸመነ ጨርቅ ላይ የሚቆመውን ጸጉር የሚከረክም ማሽን ለዓመታት ያንቀሳቀሱ ሰው ነበሩ። ዴንቨር በመጡበት ዓመት፣ አንድ ጎረቤት ደጁ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጠው አሮጌ ዕቃ መሃል በእጅ የሚገፋ የሣር ማጨጃ አዩ። ጎማውን አዙረው፣ ጥምዝ ስለቱ ሲሽከረከር ተመልክተው፣ «ይቺማ የእኔ ማሽን ናት! ጨርቁን ትታ ሣር ላይ ወጣች እንጂ» ብለው ገዟት። እኛም ሳቅንባቸው። ኋላ ልጃቸው ከላይብረሪ መጽሐፍ አምጥታ ስታነብላቸው ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያውን ማጨጃ የሠራው እንግሊዛዊ ሐሳቡን የወሰደው ከጨርቅ መከርከሚያ ነበር። መጽሐፉ እንደሚለው በዚያ ዘመን ማጨጃውን አንዱ ሰው ከኋላ ይገፋል፣ ሌላው ከፊት ይጎትታል። ትልልቆቹን ፈረስ ወይም አህያ ይስባቸዋል፤ ኮቴው ሣሩን እንዳያበላሽም የቆዳ ጫማ ይደረግለታል። ከሳቅነው መካከል ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ሌክውድ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ እሳቸው ሣር ሲያጭዱ እኔ አስታማሚ ነበርኩ። ሕመምተኛ የተኛበት መስኮት ሥር ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ያቺን የእጅ ማጨጃ ይገፉ ነበር። አለቃቸው ዘገዩ ብሎ ሲቆጣ፣ «ሞተሩ ለእኔ ይቀለኛል፤ ለተኛው ግን ይከብደዋል» ይላሉ።

እዚያ አንዲት ነጭ አሮጊት ነበሩ። «አባቴ ጎልፍ ሜዳ ሲሠራ፣ ማጨጃውን የሚስበው ፈረሳችን ጫማ ነበረው» ይሉናል፤ እኛ፣ እኔም ጭምር፣ ጃጅተዋል ብለን እንተዋቸዋለን። ለጋሼ ዘለቀ ስተረጉምላቸው ግን ብድግ አሉ። «እውነታቸውን እኮ ነው! ያላመንናቸው እኛ እንፈር» አሉኝ። ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት አራት የፈረስ ጫማ ሰፍተው መጡና አሮጊቷ ጭን ላይ አኖሩ። የሹራባቸውን ቁልፍ መቆለፍ ያቃታቸው የአሮጊቷ እጆች የጫማውን ጠፍር ሳይሳሳቱ አሰሩት። አሮጊቷ አለቀሱ፤ እኔም አፈርኩ።

እንግዲህ ከዚህ ውስጥ የሚያሳፍረው የቱ ነው? ልጆቻችንን «ሥራ አይናቅም» እያልን እናሳድጋለን፤ ሰው ሲሞት ሥራውን ፍቀን እንቀብረዋለን። ታፍራለች የተባለችው ልጃቸው ከቀብር ስንመለስ፣ «ዳዲ ላውን ማጨዱን ለምን ስኪፕ አደረግሽው?» አለችኝ።  የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ዘለቀ፣ በአርባ ቀንዎ ማይኩን እኔው እይዛለሁ። «ጋሼ ዘለቀ ሣር አጫጅ ነበሩ» ብዬ እጀምራለሁ፤ የሚያፍር ካለ ይውጣ። ልጅዎ ማጨጃዎን ሰጥታኛለች። የመቃብሩን ሠራተኞችም ለምኛቸው ተስማምተዋል፤ ከእርስዎ በላይ የሚበቅለውን ሣር በእጅ እየገፋሁ የማጭደው እኔ ነኝ። ሞተር አይቀሰቅስዎትም። ደህና ይተኙ።