የጠመመው እጄ መስሎኝ ነበር

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። እዚህ ውጭ አገር፣ ራንድል የሚባል ሰፈር ያለ አንድ ሃይስኩል፣ አርት ክላስ ውስጥ፣ እጄ እስከ አንጓዬ በከሰል ጠቁሮ ጋሼ ክፍሎምን እየሳልኩ ነበር...

እኔ ሰንሪጅ ሞል ውስጥ ጫማ ቤት ነው የምሠራው። ከሥዕል ጋር ምንም አያገናኘኝም። የሃይስኩል ዲፕሎማዬን ለመጨረስ ክሬዲት ጎደለኝ፤ ከሺፍቴ ጋር የማይጋጨው የቅዳሜው የአዋቂዎች ሥዕል ብቻ ሆነና ተመዘገብኩ።

ጋሼ ክፍሎም ክሬዲትም ምንም አይፈልጉም። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ የአስመራ ሰው ናቸው። ቤት ተቀምጠው እንዳይውሉ ብላ ልጃቸው ሰናይት ናት ያስመዘገበቻቸው። አማርኛ የተማሩት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ሲሆን ከኔ ከደሴዋ የሳቸው ይጠራል። እኔ «ፓርክ አድርጌ መጣሁ» ስል «አቁሜ ማለትሽ ነው» ይሉኛል። ከክላሱ ሐበሻ ሁለታችን ብቻ ስለሆንን አብረን ነው የምንቀመጠው።

መምህሯ እርሳስ ከልክላናለች። የሰጠችን ቀጫጭን የከሰል ዘንግና እንደ ሊጥ የሚለወስ ግራጫ ላጲስ ነው። ከሰሉን እንደ እስክሪብቶ ጫን ስለው ድቅቅ አለ። የሳልኩት ላይ ክንዴ ካረፈ ተበላሸ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ የጠፋው ሹራቤ ላይ ይገኛል። ላጲሱም ለማጥፋት ብቻ አይደለም... መጀመሪያ ወረቀቱን በከሰል ታጠቁሩትና ብርሃኑን በላጲሱ እየነካችሁ ታወጡታላችሁ። ጋሼ ክፍሎም የከሰሉን ሳጥን አገላብጠው አይተው፣ እኛ በጆንያ የምንገዛውን እነዚህ እንደ ሲጋራ በፓኮ ይሸጡታል ብለው አስቀውኛል።

ያን ቅዳሜ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አንዳችሁ ሌላውን ሳሉ ተባልን። እኔ ልጀምር፣ እሳቸው ዝም ብለው ሊቀመጡልኝ ተስማማን። ከእረፍት በፊት ግንባራቸውን፣ ዓይናቸውን፣ አፍንጫቸውን ጨረስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳልኩት ነገር ሰው መሰለ። ደስ ብሎኝ እረፍት ላይ ሻይ ገዛሁላቸውና እየተጫወትን ጠጣን።

ተመልሰን አፋቸውን ስጀምር ግን ጠመመብኝ። የቀኙ ጫፍ ወደ ታች ወረደ። በላጲሱ አነሳሁት። እንደገና ሳልኩት፣ እንደገና ወረደ። በራሴ ተናደድኩ... እስካሁን ያማረው ሊበላሽብኝ ነው ብዬ ቀና አድርጌ ልስለው ስታገል መምህሯ መጣች። ወረቀቴን ብቻ አይታ፣ መሳል ያለብሽ የምታውቂውን ሳይሆን የምታዪውን ነው አለችኝና አለፈች። ሁሌም የምትለን ነገር ነው።

ያኔ ነው ወረቀቱን ትቼ ሰውየውን በደንብ ያየሁት። እጄ አልነበረም የጠመመው። አፋቸው ራሱ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ምንም አልሆንኩ... ጨርሺ» አሉኝ። ቃሉ አፋቸው ውስጥ ተጎተተ።

ሁለቱንም እጅ እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። ግራው ተነሳ። ቀኙ ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ሰው አዩት... ጮክ ብዬ መምህሯን ጠራሁ፣ እሷ አምቡላንስ ጠራች።

ከአምቡላንሱ የወረዱት ባለሙያዎች መጀመሪያ የጠየቁት መቼ እንደጀመራቸው ነበር። መምህሯ አላውቅም አለች። እኔ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ይሄ ዓይን ከእረፍት በፊት ነው፣ ደህና ነበሩ፤ ይሄ አፍ ከእረፍት በኋላ ነው አልኳቸው። አንደኛው የእረፍቱን ሰዓት ጠይቆኝ ጻፈ። ስትሮክ እንደነበረ፣ የጀመረበት ሰዓት ስለታወቀም የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት ሳይረፍድ መስጠት እንደቻሉ ሰናይት በኋላ ደውላ ነገረችኝ። አልቅሳ አመሰገነችኝ። እኔም ደህና ሆኑ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሆስፒታል የሄድኩት ሲሻላቸው ነው። ገና ሲያዩኝ ዓይናቸው በራ። በግራ እጃቸው እጄን ያዙና ማውራት ጀመሩ... በትግርኛ። ትግርኛ እንደማልሰማ ስለሚያውቁ አሾፉብኝ ብዬ ሳቅሁ። በአማርኛ እንዴት ነዎት ስላቸው፣ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ድምፅ ለመስማት እንደሚሞክር ሰው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

ሰናይት ኮሪደር ላይ አወጣችኝ። ኋላ የተማሩት ቋንቋ አንዳንዴ እንዲህ እንደሚጠፋ፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ዶክተሩ ነግሯታል። እንግሊዝኛውም አብሮ ሄዷል።

«ትግርኛ ከማሚ ጋር ብቻ ነበር የሚያወሩት» አለችኝ። «እኛን አዲስ አበባ በአማርኛ ነው ያሳደጉን፣ ዩ ኖው... ማሚ ደሞ አምና ሞተች። እኔ የምሰማው ትንሽ ትንሽ ነው። አሁን ምላሳቸው ሲከብድ ጭራሽ አይገባኝም።»

ተመልሰን ገባን። ጋሼ ክፍሎም እኔን በግራ እጃቸው እንደያዙ፣ ሰናይትን እያዩ፣ ቀስ ብለው ረዥም ነገር ተናገሩ። መሃል ላይ አረፉ፣ እንደገና ቀጠሉ። የሚለምኑ ይመስላሉ። ሲጨርሱ መልስ ጠበቁ... አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን እያዩ።

ሰናይት አየችኝ። እኔም አየኋት።

ሁለታችንም «እሺ» አልናቸው። ምን እሺ እንዳልን እስካሁን አናውቅም።